«ለባለቤቴ 50 ዶላር፣ ለእኔ በነፃ»፦ የውጭ ጎብኚን ከአገሬው አብልጦ ማስከፈል ፍትሐዊ ነውን?

የቀረበልን ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት ስቶክሆልም ሲሆን ዜግነቴም የስዊድን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከስዊድናዊ ባለቤቴ ጋር ላሊበላ ሄደን ነበር። ትኬት ቢሮው ዘንድ ባለቤቴ 50 ዶላር ከፈለ። እኔን ግን አማርኛዬ የተሰባበረ ስለሆነ ተጠራጥረው ብዙ ከጠየቁኝ በኋላ ‹አንቺስ የእኛው ነሽ› ብለው ያለ ክፍያ አስገቡኝ። ወጥተን ባጃጅ ስንይዝ ደግሞ ለሁለታችንም የተጠየቀው የፈረንጅ ዋጋ ሆነ። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ እኔ ግን አፈርኩ። እንግዳን ከአገሬው አብልጦ ማስከፈል ፍትሐዊ ነውን?»

የባለሙያ ምላሽ

ክብርት ጠያቂ፣

በቅርስ ስፍራዎች አስተዳደርና በመግቢያ ክፍያ ተመን ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ በልዩ ልዩ መልክ ደጋግሞ ገጥሞኛል። ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ከፋዩ ሳይሆን፣ እንደ እርስዎ፣ ከከፋዩ አጠገብ ቆሞ የተሸማቀቀው ሰው ነው። በዚያ ቀን የገጠመዎት አንድ ነገር ቢመስልም ሦስት ነገር ነበር፦ በባለቤትዎ ላይ የተተመነው 50 ዶላር፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ የተወሰነበት መንገድ፣ ከዚያም ባጃጁ። የመጀመሪያው በእኔ ፍርድ ፍትሐዊ ነው። ሁለተኛው ውሳኔው ትክክል ሆኖ አካሄዱ የተሳሳተ ነው። ሦስተኛው ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ልማድ መሆኑም ፍትሐዊ አያደርገውም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። አሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ቢሰፍሩም ሙዚየም አይደሉም፤ ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስባቸዋል፣ ሕፃናት ይጠመቁባቸዋል፣ ፍትሐት ይደረግባቸዋል። ስለዚህ በአንዱ በር ሁለት ዓይነት ሰው ይገባል፤ አንዱ ተሳላሚ፣ ሌላው ጎብኚ ነው። ለገና በዓል ስንቁን ቋጥሮ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ምእመን ቤተ ጊዮርጊስን ሊያይ ሳይሆን ሊሳለም ነው የመጣው፤ ከእርሱ የመግቢያ ዋጋ መጠየቅ ጸሎትን መሸጥ ይሆናል። በነፃ ገባ ማለትም ልክ አይደለም። ስለቱን ያገባል፣ ጧፍና ዕጣን ያመጣል፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ ያለውን ይጥላል፤ አያት ቅድመ አያቶቹም ስፍራውን ቅርስ የሚል ስም ሳይኖረው ለስምንት መቶ ዓመታት ያህል በጸሎትና በጉልበት ጠብቀው አቆይተውታል። የከተማው ነዋሪማ ከዚህም በላይ ከፍሏል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል የአባቶቻቸውን ግቢ ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ባለቤትዎ በትኬት መስኮቱ የከፈሉትን 50 ዶላር ስናስብ፣ አገሬው በመስኮቱ ያልከፈለው በሌላ በኩል ከፍሎ ስለጨረሰ መሆኑን አብረን ማሰብ ይገባናል።

በተለምዶ የሚቀርበው መከራከሪያ ከዚህ የተለየ ነው። «ዜጋው ግብር ይከፍላል፣ ቅርሱ በግብሩ ይጠበቃል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሊከፍል አይገባውም» ይባላል። ይህ አባባል እውነትነት ቢኖረውም ብቻውን ክብደቱን አይሸከምም። ግብር ከሆነ መለኪያው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከደመወዙ ግብር የሚቆረጥበት ሕንዳዊ መምህር በአገሬው ዋጋ መግባት ነበረበት፤ እርስዎ ደግሞ፣ በክብር ልንገርዎ፣ ግብርዎን ለስዊድን ስለሚከፍሉ ከባለቤትዎ ጋር 50 ዶላር መክፈል ነበረብዎት። በአውሮፓም ይህ መከራከሪያ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልጸናም። ጣልያን በቬኒስ የሚገኘውን የዶጆች ቤተ መንግሥት በመሳሰሉ ሙዚየሞች ለአረጋውያን ነፃ መግቢያ ስትሰጥ ጥቅሙን ለዜጎቿና ለአካባቢው ነዋሪዎች ብቻ በመወሰኗ ተከስሳ ነበር፤ ግብርን እንደ ምክንያት ብታቀርብም የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2003 በግለሰቡ ግብርና በመግቢያ ክፍያው መካከል ቀጥተኛ ትስስር የለም በማለት ፈረደባት። ያ ፍርድ የሚሠራው አንዳቸው የሌላውን ዜጋ እንደ ራሳቸው ለማየት በተዋዋሉ የኅብረቱ አገሮች መካከል ስለሆነ ኢትዮጵያን አያስገድድም፤ የመከራከሪያውን ደካማ ጎን ግን በግልጽ ያሳያል።

እኔ ይበልጥ የማምንበት ምክንያት የመክፈል አቅም ነው። እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በመስከረም 2018 በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን 50 ዶላር ዛሬ ከዚያ ይበልጣል። ለሁሉም አንድ ዋጋ ይሁን ብንል ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። ዋጋውን ወደ ጎብኚው አቅም ካስጠጋነው ኢትዮጵያዊው የራሱን ቅርስ ሳያይ ይሞታል፤ የሰቆጣ ተማሪ ላሊበላን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል። ወደ ተማሪው አቅም ካስጠጋነው ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ ለአውሮፕላን ከፍሎ የመጣው ጎብኚ ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ገብቶ ይወጣል፤ ዓለቱን ከዝናብና ከመሰንጠቅ የሚጠብቀው ሥራም ያለ ገንዘብ ይቀራል። ይህ ሥራ ርካሽ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆሙት ግዙፍ መጠለያዎች የተሠሩት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ነበር፤ ለጊዜው ተብለው የተተከሉ ቢሆኑም ዓመታት አልፈው ክብደታቸው ራሱ ለነዋሪው ስጋት ሆኗል። በእርዳታ የሚጠበቅ ቅርስ እስኪለመንለት የሚጠብቅ ቅርስ ነው። ጎብኚው የሚከፍለው ገንዘብ ይህን ጥገኝነት በጥቂቱም ቢሆን ይቀንሳል።

ልዩነት የድሃ አገር ብልጠት ነው የሚሉም አሉ፤ አይደለም። በእርግጥ በብዛት የሚታወቀው በእኛ መሰል አገሮች ነው። በሕንድ ታጅ ማሃልን ለማየት አገሬው 50 ሩፒ፣ የውጭ ጎብኚው 1,100 ሩፒ ይከፍላል፤ በፔሩ የማቹ ፒቹ ዋጋ ለፔሩ ዜጋ 64፣ ለውጭ ጎብኚ 152 ሶል ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በኒው ዮርክ የሚገኘው ታላቁ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኒው ዮርክ ነዋሪ የፈቀደውን እንዲከፍል ሲተው ከሌላ ቦታ የመጣውን አዋቂ መጀመሪያ 25፣ በኋላም 30 ዶላር ያስከፍላል። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየምም ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ ዋጋውን ወደ 32 ዩሮ ከፍ አድርጓል። ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ መምህር ሞና ሊዛን ለማየት ከስዊድናዊው ባለቤትዎ አብልጦ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ እኔን ያሳስበኛል፤ የአቅም ምክንያት በዚህ በኩል ተገልብጧልና። ልዩነቱ ከድሃው ወደ ሀብታሙ ሲሄድ የምደግፍበት መሠረት አይኖረኝም።

እስካሁን ያቀረብኩት የሒሳብ ነገር ነው፤ የእርስዎ ሐፍረት ግን ከሒሳብ የመጣ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ እንግዳ ክቡር ነው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ያንኳኳን ሰው እግሩን አጥቦ፣ መደብ ለቅቆ፣ ለልጅ የተቀመጠውን እራት ማቅረብ ያደግንበት ወግ ነው። በዚህ ወግ ላደገ፣ ወይም እንደ እርስዎ ይህንኑ ወግ ከወላጆቹ እየሰማ በባዕድ አገር ላደገ ሰው፣ «እንግዳ ስለሆንክ ጨምር» የሚለው ቃል ጆሮ ይቆረቁራል። ይህን ስሜት በቀላል የምመልሰው አይደለም፤ ለብዙ ጊዜ እኔንም ሲያስጨንቀኝ ኖሯል። የደረስኩበት ይህ ነው። ባለቤት እንግዳውን የሚጋብዘው ከራሱ ማጀት ነው፤ የጎደለውን ነገ ሠርቶ ይሞላል። ላሊበላ ግን የትኬት ሻጩ ማጀት አይደለም፤ የደብሩም፣ የዛሬው ትውልድም ብቻ አይደለም። ገና ያልተወለዱ ልጆች ድርሻ አለበት፤ የእነርሱን ድርሻ በእኛ ቸርነት ልንጋብዝ ሥልጣን የለንም። በዚያው ወጋችን ውስጥም ሰው ወደ ደብር ባዶ እጁን አይሄድም። ከዚህ አንጻር ሳየው ክፍያው የእንግድነትን ክብር አይነካም።

ክብሩን የሚነካው አቀራረቡ ነው። ብዙ ቦታ የተለጠፈው ጽሑፍ «የውጭ ዜጋ ይህን ያህል» ይላል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት፣ ጎብኚው ሙሉው ዋጋ ይህ መሆኑን፣ አገሬው ደግሞ በምእመንነቱና በአቅሙ የተነሣ ከሙሉው ዋጋ የተቀነሰለት መሆኑን በግልጽ ሲነገረው ቅር እንደማይለው ነው፤ የተማሪና የአረጋዊ ቅናሽ ማንንም እንደማያስቀይም ሁሉ። ያው ገንዘብ እንደ ቅጣት ሲቀርብ ግን ያስከፋዋል። በጃፓን የሂሜጂ ቤተ መንግሥት ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የከተማው ከንቲባ እ.ኤ.አ. በ2024 የውጭ ጎብኚዎችን በተለየ ዋጋ ለማስከፈል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን ዜግነት የሚለው መለኪያ ተትቶ ከመጋቢት 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማው ነዋሪ 1,000 የን፣ ከከተማው ውጭ የመጣ ሁሉ፣ ጃፓናዊም ቢሆን፣ 2,500 የን እንዲከፍል ተደረገ። ሸክሙን የተሸከመው የከተማው ሕዝብ ስለሆነ ቅናሹም ለእርሱ ሆነ፤ ማንም በመልኩ አልተለየም።

በእኛ አገር ደግሞ ማንም ሳይወስነው ልዩነቱን የሚያሰፋ ነገር አለ። እንደ ላሊበላ ባሉ ስፍራዎች የውጭው ዋጋ በዶላር ሲተመን፣ አገሬው የሚከፍለው ካለ ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ 50 ዶላር 2,850 ብር ያህል ነበር። ዶላር ከ120 ብር ባለፈ ጊዜ ያው 50 ዶላር ከ6,000 ብር በላይ ሆኗል። ጎብኚው የከፈለው አልተለወጠም፤ ከአገሬው ዋጋ ጋር ያለው ርቀት ግን ከእጥፍ በላይ ሰፋ። ስለዚህ ተመን አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚረሳ ነገር ሊሆን አይገባውም፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከነምክንያቱ ሊመረመር ይገባል። የዶላር ዋጋው ጎልቶ ሲታይ ጎብኚው ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ማማተሩም አይቀርም። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ በኋላ የላሊበላ አስጎብኚዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ለዓመታት ያለ ሥራ መቀመጣቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፍትሐዊ ነው ያልኩትን የመጀመሪያውን ክፍያ ያለ ቅድመ ሁኔታ ፍትሐዊ ነው አላልኩም። ቅድመ ሁኔታው ገንዘቡ የት እንደሚደርስ መታየቱ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድ ዋጋን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታሳድግ፣ በፓርኩ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻም ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋለች። ገበሬው ድንበሩን እየተሻገሩ ሰብሉን የሚያጠፉበትን እንስሳት ታግሦ እንዲኖር የሚያደርገው ያ ድርሻ ነው። ጎብኚውም ገንዘቡ ትምህርት ቤት፣ ውኃና መንገድ ሲሆን ስለሚያይ ዋጋው መብዛቱን እያወቀ ይከፍላል። በእኛ ስፍራዎች ግን ባለቤትዎ ደረሰኙን ይዘው «ይህ ገንዘብ ምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁ አጥጋቢ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ለማግኘት ይቸገሩ ነበር ብዬ እሰጋለሁ። በትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለፈው ዓመት ምን ያህል እንደገባ፣ ከዚያ ለጥገና፣ ለካህናቱና ለአረጋውያን ምእመናን፣ ለከተማው የዋለው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወቂያ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እስኪለጠፍ ድረስ ልዩነቱን የምንከላከልለት ሁሉ ክርክራችን ግማሽ ብቻ ሆኖ ይቆያል።

ሌላው የሚያሳስበኝ «የውጭ ዜጋ» የሚለው አንድ ሳጥን ነው። በዚህ ሳጥን ውስጥ ጀርመናዊው ሐኪምና ኬንያዊቷ የመንደር መምህርት እኩል ተቀምጠዋል፤ አቅም ነው መለኪያው ብለን እርሷን በዶላር ማስከፈል ራሳችንን መቃወም ነው። የታንዛኒያ ብሔራዊ ፓርኮች ለምሥራቅ አፍሪካ ዜጎች የተለየ ዝቅተኛ ዋጋ አላቸው፤ ታጅ ማሃልም ለደቡብ እስያ ጎረቤቶቹ 540 ሩፒ የሆነ መካከለኛ ተመን ያስከፍላል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች አገር ለአፍሪካውያን እንዲህ ያለ መካከለኛ ዋጋ ብትተምን ተገቢ ነው እላለሁ። በአገራችን ተጠልሎ ለሚኖር ስደተኛና በመኖሪያ ፈቃድ ሠርቶ ግብር ለሚከፍል የውጭ ዜጋ ደግሞ የአገሬው ዋጋ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። «የእኛው ነሽ» የሚለው ውሳኔ በመንፈሱ ትክክል ነበር፤ በሕግም መሠረት አለው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ማለትም ራሳቸው ወይም ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረላቸው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ሲይዙ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች አጠቃቀም በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለው ገደብ እንዳይመለከታቸው ደንግጓል። ስሕተቱ ውሳኔው በካርድ ፋንታ በፊትዎና በአነጋገርዎ መወሰኑ ነው። መልክ የሚያሳስት ዳኛ ነው። በአዲስ አበባ ትውልድ የቆጠሩ አርመናውያንና ግሪካውያን ኢትዮጵያውያን አሉ፤ አማርኛቸው ከእኔ የማያንስ ሆኖ በቆዳቸው ብቻ ፈረንጅ የሚባሉ። በሕፃንነታቸው በማደጎ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተወሰዱ፣ አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቁ፣ የእናታቸውን አገር ሊያዩ የሚመጡ ልጆችም አሉ። አንዷን እንዲህ ያለች ወጣት በአንድ የቅርስ ስፍራ በር ላይ «ሐበሻ ከሆንሽ ተናገሪ» ስትባል አይቻለሁ፤ ዝም ብላ ዶላሩን ከፈለች፣ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም። በር ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚጠይቀውን ሰነድ የሚነግረው መመሪያ ግን በእጁ አልነበረም፤ ስለዚህ በዓይኑ ፈረደ። ቢጫ ካርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ከእነዚህ አንዱ በትሕትና ተጠይቆ ታይቶ ቢሆን እርስዎም ያ ሁሉ ጥያቄ ባልቀረበልዎት ነበር። ለጸሎት የመጣ ምእመን ደግሞ፣ ከየትም አገር ቢሆን፣ በቅዳሴ ሰዓት ያለ ትኬት ሊገባ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ባጃጁ ብዙ አልልም። ባለ ባጃጁ የሚያቀርበው አገልግሎት የትውልድ አደራ የሆነ ቅርስ አይደለም፤ ቤንዚኑም ርቀቱም ለማንኛውም ተሳፋሪ አንድ ነው፤ ጭማሪውም ለጥገና ወይም ለማኅበረሰብ አይውልም። የፈረንጅ ዋጋ የሚባለው ይህ ነው፤ ያልተለጠፈ፣ ሰውየው ሲታይ የሚፈጠር፣ ደረሰኝ የሌለው። ስለ ሸማቾች ጥበቃ በወጣው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ የተደነገገው ዋጋ በሰው መልክ እንዳይተመን ጭምር ነው። በአዲስ አበባ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ዋጋውን በርቀት ማስላት ከጀመሩ ወዲህ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደቀነሰ ሁላችንም አይተናል። ባለ ባጃጁን ግን ሌባ አልለውም፤ እንግዳ በጠፋባቸው ወራት የከሰረውን በአንድ መንገደኛ ሊያካክስ የሚሞክር ድሃ ነው። መፍትሔው ማኅበሩና የከተማው አስተዳደር ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ ከገበያውና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ያለውን ታሪፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው መለጠፋቸው ነው። ከታሪፉ በላይ መስጠት የፈለገ እንግዳ በፈቃዱ ጉርሻ ይስጥ።

ለሚቀጥለው ጉዞዎ ቢጫ ካርድዎን አስቀድመው ስቶክሆልም ከሚገኘው ኤምባሲ ያውጡ፤ በትኬት ቢሮውም ሳይጠየቁ ያሳዩ። ባለቤትዎ የመግቢያውን ዋጋ ሲከፍሉ የታተመ ደረሰኝ እንዲቀበሉ፣ ትኬቱ ለስንት ቀን እንደሚያገለግልም እንዲጠይቁ ያሳስቡልኝ፤ ለተከታታይ ቀናት የሚሠራ ትኬት ሆኖ ሳለ በአንድ ቀን ሩጫ የሚጨርሱት ብዙዎች ናቸውና። በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ገና ጎብኚ ሳይበዛ፣ ቅዳሴው በሚሰማበት ሰዓት አብረው ቢመለሱ፣ ባለቤትዎም ጫማቸውን አውልቀው ነጠላ ለብሰው ቢቆሙ ካህናቱ እንደ ተሳላሚ ያዩዋቸዋል።